በአስጎብኚ ወደ ራስ ደጀን ለሚደረግ የእግር ጉዞ እንዴት መዘጋጀት ይገባል?

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ ከ21 ዓመታት በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ መውጣቱም ይታወሳል። ፓርኩ በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር የሚተዳደር ሲሆን፣ ጽሕፈት ቤቱ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ የገደሉን ጠርዝ በመከተል እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ተራራ እስከ ራስ ደጀን የሚዘልቀው የእግር መንገድ፣ ዋሊያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳ ዝንጀሮን በመኖሪያቸው ለማየት የሚያስችል፣ በዚያው ልክም ብርቱ ዝግጅት የሚጠይቅ ጉዞ ነው።

ይህን ጉዞ የሚያስቡ ዜጎች በቅድሚያ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው፤ ስንት ብር ይፈጃል? ስንት ቀንስ ይወስዳል? የመጀመሪያው መልስ እንደ ቡድኑ ብዛት፣ እንደ ወቅቱና እንደሚከራዩት ዕቃ ይለያያል። የሁለተኛው መልስ ግን ከተጓዡ የዕረፍት ፈቃድ ርዝመት ሳይሆን፣ ሰውነቱ ከፍታውን ለመልመድ ከሚፈልገው ጊዜ የሚነሳ ነው። ገንዘብ ያጠረው ተጓዥ ድንኳኑን ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ሊያካክስ ይችላል፤ ለሚያጥር ቀን ግን ማካካሻ የለውም።

ከፍታው በሰውነት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

የራስ ደጀን ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በቀደሙ መጻሕፍትና ካርታዎች ላይ 4,620 ሜትር የሚለው ቁጥር የሚገኘው በቆየ ልኬት ምክንያት ሲሆን፣ ልዩነቱ ለተጓዥ ዝግጅት የሚያመጣው ለውጥ የለም። በዚያ ከፍታ በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ እንደማንኛውም ሥፍራ 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ60 በመቶ በታች ስለሚወርድ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ጉድለቱን ለማካካስ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ የልብ ምቱን ያፈጥናል፤ ቀናት ሲያልፉ ደግሞ በደም ውስጥ ማስተካከያ ያደርጋል። ይህ ሂደት በጥድፊያ አይፈጸምም።

ጊዜ ያልተሰጠው ሰውነት የከፍታ ሕመም ሊያድርበት ይችላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ አዲስ ከፍታ ላይ ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ በተለይም በመጀመሪያው ሌሊት ይታያል። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ ማዞር፣ ከተለመደው ውጪ የሆነ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ዋናዎቹ ናቸው። ሕመሙ በዚህ ደረጃ ሳለ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ተጓዡ ባለበት ያርፋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እስኪሻለው ወደ ላይ አይወጣም። ካልተሻለው ይወርዳል።

ሁለት ከባድ ደረጃዎች ግን ለማረፍም ጊዜ አይሰጡም። አንደኛው በሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም የሚከሰተው ነው። ተጓዡ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፣ ቆይቶም ሮዝ መልክ ያለው አረፋማ አክታ ሊወጣው ይችላል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ሁለተኛው አንጎል ሲያብጥ የሚመጣው ነው። ሰውዬው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይምታታል፣ ባልተለመደ ሁኔታ ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል። አስጎብኚዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መፈተኛ አለ፤ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጠሙ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ ያህል ማራመድ ነው። ይህን ማድረግ ያቃተው ሰው ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ መውረድ አለበት። «እስኪነጋ እንጠብቅ» የሚለው ውሳኔ በዚህ ጊዜ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

«የደጋ ሰው ነኝ፤ ከፍታ አይከብደኝም» የሚለው አስተሳሰብ ከፊል እውነት ይዟል። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር የሚኖር ሰው የሚኖርበትን ከፍታ ለምዷል። ከዚያ በላይ ያለውን 1,500 ወይም 2,000 ሜትር ግን አልለመደም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደጋ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክሲጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በዚያ ተወልደው፣ በዚያ ላደጉ ሰዎች የታየ ነው። ስለዚህ የደባርቁ ስካውት ጠመንጃውን አንግቦ ያለ ድካም በሚወጣው ዳገት ላይ እርምጃውን ልከተል ማለት ስሌቱን ያበላሻል።

በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ከቆላ የሚመጡ ተጓዦችና ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚገቡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው፣ ቤተሰቡ ከስሜን ቢሆንም እንኳ፣ ሰውነቱ የለመደው የባሕር ጠለልን አየር ነው። ወንድምና እህት ሆነው አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከዱባይ የሚመጡበት የቤተሰብ ጉዞ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ቡድን ዕቅዱን ማውጣት ያለበት ከመካከሉ ከዝቅተኛው ሥፍራ በመጣው ሰው ልክ ነው። ዕድሜና ጉልበትም ዋስትና አይሆኑም፤ ጠንካራ ስፖርተኛ ከፍታውን ከሌላው ቶሎ አይለምድም፣ ይልቁንም ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ ሊታመም ይችላል።

ቀናቱን ማቀድ

በተራራ ሕክምና ዘርፍ ተቀባይነት ያለው ምክር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር የሚል ነው። ቀን ከፍ ወዳለ ሥፍራ ወጥቶ ሌሊት ወርዶ ማደር ይቻላል፤ እንዲያውም ይረዳል።

የስሜን ነባሩ መንገድ ለዚህ ምክር የተመቸ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አንድ ሌሊት አድሮ መነሳት ጥሩ ጅምር ነው። ከዚያ በቡይት ራስ በኩል ወደ ሳንቃ በር (3,250 ሜትር)፣ በማግስቱ በጅንባር ፏፏቴ አጠገብ አልፎ ወደ ግጭ (3,600 ሜትር)፣ ቀጥሎም በእሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) በኩል ወደ ጨነቅ (3,620 ሜትር) ይኬዳል። በአራተኛው ቀን ቧሂትን ተሻግሮ አምቢቆ (3,200 ሜትር) ይታደራል፤ በአምስተኛው ቀን ከንጋት በፊት ተነስቶ ወደ ራስ ደጀን ይወጣና ወደ አምቢቆ ይመለሳል። ስድስተኛው ቀን ወደ ጨነቅ የሚመለሱበት፣ ሰባተኛው ወደ ደባርቅ የሚገቡበት ነው። በዚህ ላይ አንድ መጠባበቂያ ቀን ቢታከል፣ ቢቻል ግጭ ወይም ጨነቅ ላይ ቢውል፣ ዕቅዱ የተሟላ ይሆናል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ስለተደረገ፣ በዚያ ካምፕ የሚያድር ቡድን ከመንደር ስንቅ ወይም እገዛ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ የለበትም።

ችግር የሚፈጥረው የመኪናው መንገድ ነው። መኪና እስከ ጨነቅ ስለሚደርስ፣ ጠዋት በአውሮፕላን ጎንደር የገባ ተጓዥ አመሻሹ ላይ 3,620 ሜትር ላይ ድንኳን ሊተክል ይችላል። በማግስቱ ቧሂት ላይ ለመውጣት ካቀደ ደግሞ፣ ከባሕር ጠለል የመጣ ሰው ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ 4,430 ሜትር ደረሰ ማለት ነው። የሦስት ቀን በዓል የያዙ ቡድኖች የሚመርጡት ዕቅድ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሳንቃ በር እያደረ በገደሉ ጠርዝ ቢጓዝ ጭላዳውንም፣ ጅንባርንም ያያል፤ ራስ ደጀንን ለሌላ ዓመት ማስተላለፉ የሚያሳፍር አይደለም።

ቧሂትን ከመሻገር በፊት

ብዙ ተጓዦች የመጨረሻው ቀን፣ ጫፉ የሚወጣበት፣ ከሁሉም የከፋ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ውሳኔ የሚወሰነው ከዚያ ቀደም ብሎ በጨነቅ ነው። ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው።

ከጨነቅ የሚነሳው መንገድ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የቧሂት ትከሻ ይወጣል። ከትከሻው ወዲያ ቁልቁል ወደ መሽሃ ወንዝ ሸለቆ፣ እስከ 2,800 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም ወደ አምቢቆ ይወጣል። ተጓዡ አምቢቆ ሲደርስ ከጨነቅ ዝቅ ብሎ ስለሚያድር ቀለል ይለዋል፣ እፎይታም ይሰማዋል። ነገር ግን ከኋላው ቧሂት፣ ከፊቱ ራስ ደጀን ቆመዋል። በተለመደው መንገድ ወደ ደባርቅ ለመመለስ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳግም መውጣት ግዴታ ነው። የከፍታ ሕመም መድኃኒት መውረድ ነው በሚባልበት ጊዜ፣ በዚህ ሥፍራ ወደ ሐኪም የሚያደርሰው መንገድ መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል። አምቢቆ ላይ የጸናበት ሰው ወደ ወንዙ ዳር ሊወርድ ይችላል፤ 400 ሜትር መውረድም ብዙ ሊያሻሽለው ይችላል። ሕክምና ግን በዚያ የለም። ሄሊኮፕተር ጠርቶ መውጣትም በዕቅድ ውስጥ ሊገባ የሚችል አገልግሎት አይደለም። በሽተኛ የሚወጣው በበቅሎ፣ በቃሬዛና በመኪና ነው።

ስለዚህ ጨነቅ ላይ፣ ከእራት በኋላ፣ አስጎብኚው እያንዳንዱን ተጓዥ ለብቻው ሊጠይቅ ይገባል። በቡድን ፊት ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ራስዎን ያምዎታል? እራትዎን በልተዋል? ትናንት ሌሊት ተኝተዋል? ማስታገሻ ወስደው ያልለቀቀው ራስ ምታት ያለበት፣ ወይም ያስመለሰው ሰው በማግስቱ ቧሂትን መሻገር የለበትም። ጨነቅ ላይ አንድ ቀን ቢውል የሚሻለው ብዙ ነው፤ ካልተሻለውም የመኪናው መንገድ እዚያው ስላለ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደባርቅ ሊወርድ ይችላል።

አንድ ሰው ሲመለስ ቡድኑ በሙሉ እንዳይመለስ፣ በሽተኛውም ብቻውን እንዳይላክ፣ ቡድኑ ለሁለት መከፈል መቻል አለበት። ይህ የሚሆነው አስቀድሞ ከአንድ በላይ ስካውት ወይም ረዳት አስጎብኚ ሲቀጠር ነው። ከጭነት አጋሰሶች በተጨማሪ አንድ የኮርቻ በቅሎ መከራየትም ይመከራል። ማንም ሳይቀመጥባት ብትመለስ የወጣባት ኪራይ ባከነ ሊባል አይገባም።

አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ

ወደ ፓርኩ የሚገባ ማንኛውም ተጓዥ በደባርቅ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፣ የመግቢያና የካምፕ ክፍያ ይፈጽማል፣ ስካውት ይመደብለታል። የአገር ውስጥና የውጭ ጎብኚ ታሪፍ የተለያየ በመሆኑ ዜግነትን ወይም ትውልድን የሚያሳይ ዋና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ታሪፉ ስለሚሻሻል፣ ከወዳጅ ወይም ከቆየ ጽሑፍ የተገኘን ዋጋ ሳይይዙ በወቅቱ ያለውን ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ይገባል። አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ ጫኞች በደባርቅ በየማኅበራቸው የተደራጁ ናቸው።

የአራቱ ሥራ የተለያየ ነው። አስጎብኚው መንገዱን፣ ሰዓቱንና የተጓዡን ደህንነት ይመራል። ስካውቱ የጥበቃ ሰው ነው፤ መንገዱንና አራዊቱን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሆኖም የተጓዡን ሕመም እንዲከታተል የተመደበ አይደለም። ስካውት ብቻ ይዞ መጓዝ ወጪ ይቀንሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራስ ደጀንን ለሚወጣ ሰው ግን አይመከርም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የቀን ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ የሠራተኞቹ ስንቅና የሌሊት ልብስ በማን እንደሚሸፈን፣ አንድ በቅሎ ስንት ኪሎ እንደምትጭን፣ በቅሎ ጫኞቹ ባዶ ለሚመለሱበት ቀን ይከፈላቸው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ሊዘለል የማይገባው አንቀጽ የመመለስ ጉዳይ ነው፤ ተጓዡ በሕመም፣ በአየር ጠባይ ወይም በአስጎብኚው ውሳኔ ቀድሞ ቢመለስ የሠራተኞቹ ክፍያ እንደማይጎድል ይስማሙ። አንዳንድ ተጓዦች ይህን እንደ አላስፈላጊ ወጪ ያዩታል። ነገር ግን ቀኑ ሲቀነስ እንጀራው የሚቀነስበት አስጎብኚ «ይበቃል፣ እንመለስ» ለማለት ይከብደዋል። በዚያው ውል ላይ የመመለስን ውሳኔ የመጨረሻ ቃል ለአስጎብኚው መስጠትም ተገቢ ነው፤ ይህን ተጓዦቹ ሁሉ፣ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን፣ ከመነሳታቸው በፊት ሊሰሙት ይገባል።

ሐኪም፣ መድኃኒትና ጾም

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት፣ ከሐኪም ጋር ሳይማከሩ መጓዝ የለባቸውም። ቀደም ሲል የከፍታ ሕመም አግኝቶት የሚያውቅ ሰው ድጋሚ ሊያገኘው እንደሚችል ማወቅ ይኖርበታል። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል፤ በሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ ሲሆን፣ ሰልፋ ለተባሉ መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለበት። የራስ ምታት ማስታገሻ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ከፍታውን አያስለምድም፤ ማስታገሻ ውጦ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። የእንቅልፍ ክኒንና አረቄ በሌሊት አተነፋፈስን ስለሚያዳክሙ በካምፕ መወሰድ የለባቸውም። ብርዱን ያስታግሳል ተብሎ የሚጠጣው አረቄ በተቃራኒው የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል።

ለጉዞው የተመቸው የበጋ ወቅት ከጾመ ነቢያትና ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት በበጋው ወራት እየዋለ ነው። የጾም ምግብ ለተራራ ጉዞ አይጎዳም። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና በሶ ለከፍታ የተስማማ ኃይል ይሰጣሉ። የሚያሳስበው እህል ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ስምንትና አሥር ሰዓት ዳገት መውጣት ነው። በደረቁና በቀዝቃዛው አየር ሰውነት በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውሃ ያጣል፤ የውሃ ጥማትና የከፍታ ሕመም ምልክቶችም ስለሚመሳሰሉ አስጎብኚው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ውሳኔው የእምነት ጉዳይ በመሆኑ ተጓዡ አስቀድሞ ከሃይማኖት አባቱ ጋር መምከር፣ ጾሙን ከያዘም የጉዞውን ቀን ከጾሙ ውጪ ማድረግ ይችላል። ያም ሆነ ይህ ለአስጎብኚውና ለምግብ አብሳዩ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ልምምድ፣ ልብስና ስንቅ

ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ልምምድ መጀመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እንጦጦ ቅርብና በቂ ሥፍራ ነው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ስድስትና ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ በጀርባ አዝሎ ለአራትና አምስት ሰዓት መውጣትና መውረድ ጉልበትን ያለማምዳል። መውረዱ ሊዘነጋ አይገባም። ከቧሂት ወደ መሽሃ የሚወርደው ቁልቁለት ጉልበት የሚፈትን ነውና። ለዚያ ቀን ምርኩዝ ወይም የጉዞ ዱላ ትልቅ እገዛ ያደርጋል።

ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝና በልምምድ ወቅት የተለመደ ይሁን። ለጉዞው ዋዜማ የተገዛ አዲስ ጫማ በሁለተኛው ቀን እግር ያቆስላል። በግጭና በጨነቅ የሌሊቱ ብርድ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ ለዚያ የሚሆን የመኝታ ከረጢትና ከሥሩ የሚነጠፍ ፍራሽ ያስፈልጋል። ጋቢ ካምፕ ውስጥ ተመራጭ ነው፤ በዝናብና በጉም ውስጥ ግን ውሃ ይዞ ይከብዳል። በጉዞ ላይ የሚለበሰው በቀላሉ የሚደርቅ ልብስ በደረጃ ተደራርቦ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ቢሆን ይመረጣል። የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የፀሐይ መነጽር፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ከትርፍ ድንጋይ ጋር የግንባር ባትሪ ከመሠረታዊዎቹ ናቸው። የስልክ ኔትወርክ በመንገዱ ላይ ስለሚቆራረጥ የቤተሰብ ስልክና የሕክምና መረጃ በወረቀት ተጽፎ ከአስጎብኚው ጋር ይቀመጥ።

በከፍታ ላይ ውሃ ከ90 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ ለመብሰል ረጅም ሰዓት ይፈጃሉ። ስለዚህ ክክና ጥሬ ከመጫን ይልቅ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ መያዝ የቡታጋዙን ወጪም ያቀልላል። ውሃው ግን ቢፈላ ለመጠጥ ንጹሕ ነው፤ የማፍላት ጊዜ ከሌለ ውሃ ማከሚያ ክሎሪን ይጨመርበታል። እንጨት መቁረጥና ከተፈቀደው ሥፍራ ውጪ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩን ያቃጠለውን ሰደድ እሳት ለማጥፋት ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መምጣታቸው ይታወሳል፤ ጓሳውና አስታው በበጋ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀጣጠሉ የአካባቢው ሰው ከዚያ ወዲህ በደንብ ያስታውሳል። ለጭላዳ ምግብ መስጠት አይፈቀድም። ድሮን ማብረርም ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከመነሳት በፊትና ሲመለሱ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡና ጉሙ ስለሚከብድ፣ ወንዞችም ስለሚሞሉ የራስ ደጀን ጉዞ አይመከርም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅና ሌሊቱ ብርድ የበዛበት ነው። በማንኛውም ወቅት በቧሂትና በራስ ደጀን ላይ በረዶ ሊጥል ይችላል።

የመንገዶችና የአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ መስመሩ ለጎብኚ ክፍት መሆኑን የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥ በፊት፣ ዳግም ከጎንደር ከመነሳት በፊት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ የተጓዡ ኃላፊነት ነው። ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር የሚጓዙ ሰዎችም ይህን ማረጋገጫ ድርጅቱ ማግኘቱን ይጠይቁ፤ መስመር ቢዘጋ ቅድመ ክፍያው እንዴት እንደሚመለስ በውሉ ውስጥ ይካተት።

ከጉዞ የተመለሰ ቡድን መመለሱን ለደባርቁ ጽሕፈት ቤት ያስታውቃል። በጉዞው ላይ የመተንፈስ ችግር ወይም መንገዳገድ የታየበት ሰው፣ ከወረደ በኋላ ቢሻለውም እንኳ፣ በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ከመቀጠሉ በፊት በደባርቅ ሆስፒታል ይታይ፤ አስጎብኚው ምልክቶቹ የጀመሩበትን ሥፍራና ሰዓት፣ የተወሰደውንም መድኃኒት ጽፎ ቢሰጠው ለሐኪሙ ሥራ ያቀላል።